ሰፋሪው

አባባ ሰፋሪ ነበር፣ ደምበጫ፣ እህል ተራ፤
በእሱ ቁና ሳያልፍ ጤፍ ቤት አይገባም፣ ዋጋም አይጠራ።
ሲሰፍር «አንድ» አይልም። «በረከት» ነው የሚለው፤
ከዚያ ነው ሁለቱ፣ ከዚያ ነው ሦስቱ የሚከተለው።
«አንድማ ብቻውን ነው» ይላል ሲጠየቅ፣
«ብቸኛ ቁጥር ጎተራ አይሞላም፤ ዝም ብሎ ነው የሚያልቅ።»

እኔና ይበልጣል የጆንያውን አፍ
ግራና ቀኝ ይዘን፣ እሱ ሲገለብጥ፣ አቧራው ሲከንፍ፣
ስናስነጥስ ይስቃል። «ያዙ!» ይላል፣ «እንዳይደፋ፤
የሰው እህል ነው፣ አንዲት ፍሬ እንዳትጠፋ።»

ዛሬ አልጋ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ላይ ነው፤ ደብረ ማርቆስ።
ኩላሊቱ ደክሟል፣ ይላል ሐኪሙ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀስ።
እግሩ አብጧል። አውራ ጣቴ ሲነካው
ይሰረጉዳል፤ ጉድጓዱ ይቆያል፤ ጭቃ ላይ ያለፈ የበሬ ዱካ ነው።

«አስታማሚ አንድ ብቻ» ይላል በሩ ላይ የተለጠፈው፤
ዘበኛው ግን እሱም አባት አለው፤ እንዳላየ ነው የሚያልፈው።
የዝና ጨው አልባ ሽሮዋን በፌስታል ይዛ ስትመጣ፣
«ይኼማ የጾሙም ጾም ነው» ሲላት፣
ሳቋም እንባዋም ባንድ በር ወጣ።

እድሩ አራት ሺህ ብር ላከ፣ ደንቡን ጥሶ፣ ለቀብር ያለውን፤
«ድንኳኑ ይቆየን» አለ ዳኛው፣ «መጀመሪያ እናቁም ሰውየውን።»
ቦራ ተሸጠ። ከመካከላችን ስሙን ማንም አያነሳም፤
አባባ ግን ሌሊት ይጠይቃል፤ በሬውን አይረሳም።
«ገለባ ሰጣችሁት?»
«ሰጥተነዋል» እላለሁ።
አልዋሸሁም። ሰጥተነዋል።

ይበልጣል አራት ዓመት አላናገረኝም ነበር፤
በባሕር ዛፍ ሰበብ፣ በሁለት ክንድ ድንበር።
ለእናታችን ሙት ዓመት እንኳ ጀርባ ለጀርባ ነው የተቀመጥነው፤
ሽማግሌ መጣ፣ ቄስ መጣ፤ እሱም እኔም «ሐቁ የኔ ነው።»

በሦስተኛው ሌሊት መጣ፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በጨው ጭነት መኪና።
«እንዴት አመሸህ» አላለኝም። አላልኩትም። ቆመ፣ አየ፣ ተጠጋና
የአባባን ጫማ አነሳ። ባዶ ጫማ። አቧራውን
በጋቢው ጫፍ ጠረገ፤
ከአልጋው ሥር መለሰው፣ ጎን ለጎን፣ ሁለቱን።

ነርሷ መጣች። «አገላብጡት» አለች፣ «ጀርባው እንዳይቆስል።»
አንሶላውን እኔ በግራ፣ እሱ በቀኝ፤ አባባ በመሐል።
የሰፋሪ ልጅ ነኝና በእጄ መዘንኩት፤
ግማሽ ኩንታል አይሞላም።
«ያዝ» አለኝ ይበልጣል።
በአራት ዓመት የመጀመሪያዋ ቃል።
«ይዣለሁ» አልኩት። እጃችን ያውቀዋል፤
የጆንያ አፍ ነው፣ ግራና ቀኝ፤ እጅ መች ይረሳል።
አባባ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየን፤ እኔን፣ ከዚያ እሱን።
«እንዳይደፋ» አለ። ይኸው ነው። መልሶ ከደነ ዓይኑን።

ከዚያ ወዲህ ተራ ገብተናል፤ እኔ እስከ እኩለ ሌሊት፣ እሱ እስኪነጋ፤
ተኛ የተባለው ግን አይተኛም፤ ሰሌኑ ላይ ሆኖ
ትንፋሽ ያደምጣል፣ ሲርቅ ሲጠጋ።
ስለ ድንበሩ አልተነጋገርንም። ባሕር ዛፉ እዚያው ነው፤ ያድጋል።
ምናልባት ነገ እንጣላለን። ዛሬ ግን ሱሪውን ማን ያጥባል?
«እኔ።»
«ተወው፣ እኔ።»
ጠባችን እዚህ ደርሷል።

በላስቲኩ ቱቦ መድኃኒቱ ጠብ ይላል፣ ጠብ ይላል፤
የአባባ ከንፈር ይንቀሳቀሳል።
ጸሎት መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ብሰማው፣ ይቆጥራል።
ሁለት... ሦስት... አራት...
ይደክመዋል፤ ይጠፋዋል፤ ደግሞ ይነሳል።

ስንት ቁና እንደቀረ የሚነግረን የለም።
ይበልጣል ከሰሌኑ ቀና አለ፤ እኔም ወንበሬን አስጠጋሁ።
የሚቀጥለው ጠብታ እስኪወድቅ ጠበቅንና
በሹክሹክታ፣ እኩል፣ ጀመርንለት፦
«በረከት።»