አሥራ አንደኛው ስም

አባቴ ፈርገስ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፣
በሰሜን አየርላንድ፣ ኤርን ሐይቅ ዳር፣ ዝናብ በማይጠግብ አፈር፤
የሞተን በስሙ ጠርቶ፣ ፊደል ሰጥቶ የሚያሳድር።
እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ የመሮውን ምት የምቆጥር።

እነዚያ በራሪ ጀልባዎች እንደ ነጭ ላሞች ተኝተው በውሃ፣
ሳይነጋ ይነሡ ነበር ወደዚያ ጨዋማ በረሃ፤
ሐይቁ ሲሰነጠቅ፣ መስኮታችን ሲንቀጠቀጥ፣
እናቴ ስኒ ትደግፋለች፣ ከመደርደሪያው እንዳያመልጥ።
አሥር ሰው በአንድ ሆድ፣ ሁለት እርግብ በቅርጫት፣
ቋሊማ የሚጠበስባት አንዲት ትንሽ እሳት፣
አሥራ አራት ሰዓት ማፍጠጥ፤ ግራጫን ከግራጫ መፈለግ፣
ሰርጓጅ ያደባበትን የስንዴ መርከብ ለመታደግ።

አንድ የኅዳር ማለዳ ሄዱ። አንዷ እርግብ ብቻ ተመለሰች፣
እግሯ ላይ ወረቀት የለም። ጣራችን ላይ ዋለች።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ከጽሕፈት ቤት ዝርዝር መጣ፣
ማኅተም ያረፈበት አሥር ስም፤ አባቴም መሮውን አወጣ።

በተመረቀ ማግስት አንድ ሰው ቆመ ከድንጋዩ ፊት፣
ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ሳይናገር ግማሽ ሰዓት፤
ከዚያ ጣቱን አስጠጋ፣ ከላይ ሰባተኛው መስመር፦
«ኤድጋር ፕሪዶ» ይላል። አባቴም፣ «ወንድምህ ነበር?»
«እኔ ነኝ» አለ ሰውዬው።
ሐይቁ ዝም አለ፣ አባቴም ጭምር።

«ዝርዝሩ ማታ ተተይቧል፤ ሌሊት ጉንጬ በጥርስ አብጦ፣
ኦርቪል ቲዝዴል ሄደልኝ፣ በእኔ ወንበር ተቀምጦ፤
የካናዳ ስንዴ ገበሬ፣ ባሕርን በካርታ የሚያውቅ፣
መዋኘት እንኳ የማይችል፣ ሲፈራ የሚሥቅ።
መዝገቡን ያረመ የለም። ስሜ ሞተ፣ እኔ ቀረሁ፤
እሱ ሞቶ ስሙ የት ነው? ይኸው ስንት በር አንኳኳሁ።»

አባቴ ሊፍቀው መሮ አነሣ። ሰውዬው እጁን ያዘው፦
«ተወው፣ አንድ ቀን እውነት ይሆናል። ኦርቪልን ከጎኔ ጻፈው።»

ለዚህ ነው አሥራ አንድ ስም ድንጋያችን የተሸከመው፣
አሥር ሰው ለምትጭን ጀልባ። እንግዳ ቆጥሮ፣ «ጠራቢው ሰክሮ ነው?»

አርባ አንድ ዓመት በየኅዳሩ መጣ፤ በመሐረቡ ያብሳል፣
የኦርቪልን ፊደል ብቻ። የራሱ ላይ የድንጋይ ሽበት ይነግሣል።
ሰውዬውም ስሙም አብረው ሸበቱ።

የሞቱ ወሬ በደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ ብሩሽ ይዤ ወረድሁ፣
ሽበቱን ከስሙ ላይ ፋቅሁ። ድንጋዩን፣ «አሁን እውነትህን ነው» አልሁ።

ዛሬ በሰማንያ ሦስቴ፣ የትምህርት ቤት ልጆች ሲመጡ፣
ስሞቹን በተራ ያነባሉ፣ ብስኩታቸውን ሳይውጡ፤
ሰባተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ አስቆማቸዋለሁ፣
ስለ አንድ ሌሊት የጥርስ ሕመም እነግራቸዋለሁ።

ትናንት አንዲት ጥርሰ ወላቃ ልጅ በጣቷ ቆጠረች፤
አሥር ላይ ጣት አለቀባት።
የእኔን አንዱን ጣት ያዘች።