ያልታጨደ

አያቴ አዛናው ገማች ነበር አሉ፤
ማሳ ዳር ሲቆም ሰዎች ዝም ይላሉ።
ገና ያልታጨደ ያልተወቃ እህል
ከበቅሎው ሳይወርድ በዳውላ ሲከፍል፣
ሲጠራጠር ወርዶ አንድ ዘለላ ቀጥፎ፣
በመዳፉ አሽቶ ገለባውን አራግፎ
ፍሬውን ይቆጥራል፤ የጎረቤት ማሳ
አምና የሰጠውንም ልቡ አይረሳ።
ከዚያ ድምፁን ጠርጎ፦ «ሃያ ሁለት ዳውላ።»
ጸሐፊው ይጽፋል። አንድም ቃል የለ ሌላ።

እኔ የልጁ ልጅ፣ ማራኪ ግቢ ውስጥ፣
መብራት ሄዶ ሲመጣ ሥዕል ላይ ሳፈጥጥ፣
ከባሕር ወለል ሥር፣ ከአለት በታች ያለ
ማንም ያላየውን «ቁጠሪ» ተባለ።
ባሕር ብለው ያሳዩኝ ጣና ነው፣ ጎርጎራ፤
ጨው የሌለው፣ ማዕበሉ ብዙ የማያስፈራ።
አሁን የተሰጠኝ የሌላ አገር ውኃ፣
ስፋቱ ከጎንደር እስከ ሱዳን በረሃ፤
በዚያ ሁሉ ስፋት ሁለት ጉድጓድ ብቻ፣
ሁለት ዘለላ ነው፣ እሱም ከዳርቻ።
አንዱ ጨው ውኃ ሰጠ፣ አንዱ የጋዝ ሽታ፤
ዘጉትና ሄዱ በሦስተኛው ማታ።

አራት ነገር ይጠየቃል፦
ዘይቱን ያበሰለ ምንጭ አለት፣
ያጠራቀመ አሸዋ፣
የታጠፈ ወጥመድ፣
ከላይ ደግሞ የማያስተነፍስ ክዳን።
አንዱ ከጎደለ ሦስቱ ዋጋ የላቸውም።
እያንዳንዱን በግማሽ ባምነው፣
የግማሽ ግማሽ፣ የዚያም ግማሽ፣ የዚያም ግማሽ፦
ከአሥራ ስድስት አንድ። የተረፈኝ እምነት ይኸው ነው።

አጎቴ መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ ያውቃል፤
ገና ያልተወለደ ልጅ የሚጾምበትን ቀን ቆጥሮ ያስቀምጣል።
የሱ ባሕር ሐሳብ ነው።
የኔ ሐሳብ ግን ባሕር።

የማታ ዘበኛው ጋሽ ሙጨ ብቅ አለ፣
ካፖርቱ ረጥቦ፣ ባትሪው እየዋለለ።
«ስንት አገኘሽ ታዲያ?»
«ሦስት ቁጥር አለኝ፤ ትንሹ የማያሳፍር፤
መካከለኛው ሳንቲም ሲወረወር
ዘውድም ጎፈርም ሊሆን የሚችል፤ ትልቁ ከአሥር
አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዕድል ከኛ ሲያብር።»
ሳቀ። «እኛ ዘንድ ላም አለኝ በሰማይ ይሉታል፤
ያንቺስ ላም ባሕር ውስጥ፣ ማን ወርዶ ያልባታል?»

መልስ አልሰጠሁትም።

አንድ ዓመት አያቴ፣ ቆላድባ ማዶ፣
የማንደፍሮን ማሳ «አሥራ ስምንት» ብሎ ሄዶ፣
በሦስተኛው ሌሊት በረዶ ወረደ፤
ጤፉ ከጭቃ ጋር አብሮ ተዋሐደ።
ቁጥሩ ግን መዝገብ ላይ አልረጠበም ነበር።
ማንደፍሮ በሬውን ሸጦ ከፈለ ያንን ቁጥር።
እናቴ እንደነገረችኝ፣ አያቴ ሊሞት ሲል
ስለ ነፍሱ ሳይሆን ስለ በሬው ነው ያወራው፦
ቀይ ነበር፣ ቦቃ፣ አንድ ቀንዱ የተሰበረው።

አሠሪዬ ደወለ፦ «አንዱን ብቻ ላኪ፤
ትልቁን። ለስብሰባ እሱ ነው ማራኪ።»
ማራኪ የግቢዬም ስም ነው። ቃሉን ሳገላብጠው ግን
ማራኪ ባለበት ምርኮኛ አይታጣም።

ሦስቱንም ላክሁ። ከሥራቸው አንድ መስመር ጨመርሁ፦
«ምናልባት ምንም።»
በማላውቀው ዳርቻ፣ በዚህ ቁጥር ተማምኖ
ጀልባውን ለብድር የሚያስይዝ አንድ ሰው አይጠፋም፤
እሱ እንዲያነበው በደማቅ ቀለም ጻፍሁት።
አለቃዬ ሊሰርዘው ይችላል። ይህንንም ገምቻለሁ።

ስወጣ ዝናቡ አንገረብን ሞልቶ ይጮኻል።
ጋሽ ሙጨ ሽቅብ አይቶ «ነገ ያባራል» አለ።
«በስንት እርግጠኛ ነህ?»
ትንሽ አሰበ።
«ካፖርቴን አሰጣለሁ» አለኝ፣
«ግን ከቤት ውስጥ።»