ምራቂ

ጥር ነው፣ ዊኒፔግ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
ምራቅ እንኳን ሳያርፍ ይሆናል በረድ።
እኔ ኤሊስ ጎዳና፣ ከልብስ አጣቢው ቤት ጎን፣
አሮጌ ኮምፒውተር ሳክም እውላለሁ ቀን በቀን።

በሩን ገፍቶ ገባ ሽማግሌው ቦህዳን፣
አርባ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ሲቀርጽ የኖረ ሰው፣
ላፕቶፑን ከብብቱ አውጥቶ በረዶውን አራገፈው።
"ይቺን ብራውዘር ንቀልልኝ" አለ፣ በጣቱ እየነካ
ከታች ጥግ የተለጠፈች አንዲት ክብ ምልክት።
"አልጠራኋትም፤ ሌላ መርጫለሁ በምትኳ፤
ግን የአየሩን ሁኔታ ልይ ብዬ ስጫን፣ ስንት
ጊዜ ቀድማ ትደርሳለች! እሷው ናት የምትከፍት።"

ነጋዴ እህል ሲሰፍርልህ፣ ቁናው ጢም ካለ ወዲያ፣
አንድ እፍኝ ጣል ያደርጋል፤ ምራቂ፣ የደንበኝነት ማሰሪያ።
ብትፈልግ ትወስዳለህ፤ ባትፈልግ "ይብቃኝ" ትላለህ፣
እፍኙ ወደ ጆንያው ሲመለስ ቆመህ ታያለህ።
ይኼኛው ምራቂ ግን ከቁናው ጋር ተሰፍቷል፤
"ይቅርብኝ" ላለው ሰው ጆሮውን ደፍኗል።

የሱቁ ባለቤት ሃርጂንደር ከጓዳ ሆኖ ሰማን፤
"ተው፣ እሷን አትንካ፤ ቢበላሽ ማን ይዳኘን?
መርጃው በእሷ ይነበባል፣ ስንቱ ነገር በእሷ ያልፋል፤
ምሰሶ ናት፤ ምሰሶ የነቀለ ጣራው ራሱ ላይ ያርፋል።"

እውነት አለው። አምና መጋቢት ተማሪዋ ሮዌና
ያገኘችውን ሁሉ ጠርጋ አጠፋችና፣
አዲስ ብራውዘር ለማውረድ ብራውዘር አጥታ ቀረች፤
በስልክ ደወለችልኝ፣ እየሳቀች፣ እያለቀሰች።
ፍላሽ ይዤ ሄድኩላት፣ በአውቶቡስ፣ በዚያ ጭቃ።
በር ለማስገባትም ለካ በር ያሻል፤ ሐቅ ነው፣ በቃ።

ቦህዳን ግን ሳቀ። መነጽሩን በሹራቡ ጫፍ ጠረገ።
"እኔ" አለ፣ "ምሰሶን ከበር ለይቼ አውቃለሁ፤
ቤት በተሸጠ ቁጥር፣ ቁልፍ ቀይሬ ላዲሱ ጌታ ሰጥቻለሁ፤
የድሮው ባለቤት መጥቶ 'በሬን አትንካ' ብሎ አያውቅም።
በር ሲነቀል ጣራ ከወደቀ፣ ነቃዩን አልወቅስም፤
በሩን ከምሰሶው ጋር የቸነከረውን ጠይቅ፣
ያ ሰው አናጺ ነው፣ ወይስ እንዳልወጣ የሚጠብቅ?"

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ይባላል፤
እዚህ ግን የገዛው አጥር ባለቤቱን ይነቀንቃል።
ደረሰኙ በኪሱ ነው፤ አራት መቶ ዶላር፣ ግብርም አለበት፤
አንዲት ምልክት ልንቀል ቢል፣ "ፈቃድ የለህም" አሉት።

ነቀልኩለት። እንዴት እንደሆነ አልናገርም።
ማክሰኞ አፕዴት ወረደ። ሐሙስ መጣ፤ አልተቆጣም፤
ላፕቶፑን ዘወር አድርጎ አሳየኝ ብቻ፤ ተመልሳለች፣
ከድሮ ቦታዋ ቁጭ፣ እንደ ወራሽ፣ እንደ ባለ ርስት፣
"እንኳን ደህና መጣህ" የሚል ጽሑፍ አንጠልጥላ፣ በገዛ ቤቱ፣ ለባለቤት።

ሦስቴ ነቀልኩ፤ ሦስቴ በቀለች፣ እንደ ሰርዶ።
በሦስተኛው "ሒሳብ የለብህም" አልኩት፤ ውጭው ሁሉ በረዶ።
እሱ ግን ዕዳ አይወድም።
"ቤትህ ይሞቃል?" አለኝ፣ ጓንቱን እያጠለቀ።
ከልኩ በላይ፣ አልኩት። የማሞቂያው መዝጊያ ቁልፍ አከራዬ ጋ ነው፤
በዚህ ብርድ መስኮት ከፍቼ ነው የምተኛው።
ኪሱን ዳበሰ። አንዲት የነሐስ ቁልፍ፣ ከአውራ ጣት ያነሰች፣
ራሱ የቀረጻት፣ መዳፌ ላይ ተቀመጠች።

ያን ሌሊት ማሞቂያውን ዘጋሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ራሴ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ፤ አልበቃኝ አለ ልብሴ፤
ተነስቼ፣ በጨለማ ተደናብሬ፣ መልሼ ከፈትኩት።
ተሳስቼ ነበር፣ አዎ። ግን የዘጋሁትም የከፈትኩትም እኔ ነኝ።
ቧንቧው ተንኳኳ፣ ሞቀ፤ ፈገግ እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ማክሰኞ ደግሞ አፕዴት አለ።