የዓይን ልክ

ሦስት ወር ከረምኩኝ በካርቶን ቤት ውስጥ፣
ግድግዳ ስቆርጥ፣ በር ስለዋውጥ፣
ሥዕሎቹን ሁሉ ጥፍር አሳክዬ፣
ይሄ ከዚያ ማዶ፣ ያ ከዚህ ጎን ብዬ፣
እንደ ገበጣ ጠጠር ሳነሣ ስጥል፣
አንዱ ሲደላደል ሌላው ሲኮበልል።

እውነተኛው ቤት ግን፣ ሙሐረቅ ያለው፣
ግንቡ የባሕር ድንጋይ፣ ላቡ ጨው የሆነው፣
ምስማር ሲመቱበት አቧራ ተፍቶ
ምስማሩን ይውጣል አፉን ከፍቶ።
«ቀስ» ይላል ሳጂቫን መሰርሰሪያ ይዞ፣
«ሽማግሌ ነው ግንቡ፣ ድዱ አለ ደንዝዞ።»

ቅደም ተከተሉ፦ መርከቧ፣ ገመዱ፣
ከዚያ ጎታቾቹ በፀሐይ የነደዱ፣
በመጨረሻው ክፍል የዕንቁ ጠላቂው ብቻውን፣
ድንጋይ ከእግሩ ታስሮ፣ ቆንጥጦ አፍንጫውን።
ሰው ከክፍል ክፍል ቀስ ብሎ ሲራመድ
ሳያውቀው ትንፋሹን ይዞ አብሮ እንዲወርድ።

ቁመቱም በደንቡ፦ መቶ ሃምሳ አምስት ሳንቲም፣
የውኃ ልኩ ምስክር፣ አንዱም አይዘምም።
«የዓይን ልክ» ይባላል፤
የማን ዓይን እንደሆነ ማን ጠይቆ ያውቃል?

ሊከፈት አንድ ሌሊት ሲቀረው፣
ትርፌ ባልዲዋን እየገፋች መጥታ
ከጠላቂው ፊት ቆመች መወልወያዋን ትታ።
በጣቶቿ ጫፍ ተንጠራራች፣ ወረደች፣
ደግማ ተንጠራራች።
«ፊት የለውም እንዴ?» አለች።
ሳቅ አልኩ። ከዚያ በርከክ አልኩ፣ ቁመቷን እስካክል፤
መስታወቱ ላይ ነጭ የመብራት ነበልባል
ግንባሩንም ዓይኑንም በልቶታል።

ሳጂቫንን በስልክ ቀሰቀስኩት።
«አሁን?» አለ።
«አሁን።»
አሥራ ሰባት ሥዕል ስንዝር ስንዝር አወረድን፣
መብራቱን በመሰላል አንገቱን አዞርን፤
ሲነጋ፣ ከየሥዕሉ በላይ ሁለት ሁለት ቀዳዳ፤
ጄሶው አልቆ ነበር፣ ተውነው እንደ ዕዳ።

በመክፈቻው ማታ ባለ ነጭ ቀሚሱም ባለ ክራቫቱም
ጎንበስ ጎንበስ አሉ።
«ዝቅ አላለም?» የሚሉም ነበሩ፤
ጁስ አዞርኩላቸው።
ስለ ቀዳዳዎቹ የጠየቀኝ አንድ ሕፃን ብቻ ነው።

ትርፌ አልተጠራችም፤ ፈረቃዋ ሌሊት።
እንግዳው ሲበተን፣ ብርጭቆ ሲለቀም፣
ባልዲዋን አስቀምጣ ፊቱ ስትቆም
ተረከዟ መሬት ነበር።
ብዙ ቆየች።
«ቀልቷል ለካ ዓይኑ» አለች።
«የባሕሩ ጨው ነው።»
«አይደለም» አለች፣ ጨርቋን እየጠመዘዘች፣
«እንቅልፍ ማጣት ነው።»