ቁርጭምጭሚት

ማክሰኞ ማታ ነው፤ አፉላ ዝናብ ላይ፣
አርካዲ አንሶላ ሰቀለ፣ ፊልም ሊያሳይ።
የጥንት የሆሊውድ፣ ጥቁርና ነጭ፣
ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረን ቁጭ።
የዕብራይስጡ ጽሑፍ ከሥር እየሮጠ
ሁለቱን ቃል ሳነብ ሦስተኛው አመለጠ።

ታሪኩ ቀላል ነው፤ ትርኢት ሊያቀርቡ
ብር የሚያበድር አንድ ቦርጫም ሰው ከበቡ።
አዘጋጁ ያስላል፣ ይጮኻል፣ ያጨሳል፤
ስልሳ እግር ባንድ ጊዜ ይነሣል፣ ይመለሳል።
ካሜራው ከጣሪያ ቁልቁል ሲያያቸው
እንደ አደይ አበባ ይዘረጋል እግራቸው።
ፈንታዬ «ኧረ ጉድ!» ብላ ዓይኗን ጋረደች፤
በጣቶቿ መሃል ግን ሁሉን ቆጠረች።

ከዚያ፣ መጋረጃው ሊገለጥ አንድ ቀን ሲቀር፣
የዋናዋ ተዋናይ ቁርጭምጭሚት ተሰበረ፤
ከኋላ ረድፍ አንዲት ልጅ ወጣች፣ አዳራሹ ሰከረ።

ፊልሙ ሲያልቅ ሁሉም ስለ ልጅቷ አወራ።
እኔ ብቻ ጠየቅሁ፦ «ያቺስ? ያቺ እግረ ሰባራ?»
አርካዲ ሳቀና አንሶላውን አጠፈ፤
«አንጓች፣ የሷማ ታሪክ እዚያው ላይ አለፈ።»

በሳምንቱ እኛም አንድ ሁለት ጀማመርን፤
እነሱ በእግር ነው፣ እኛ በትከሻ ነበርን።
የሞሮኮዋ ማዛል ከበሮዋን ይዛ፣
ቀይ ሳቲን በሜትር በዱቤ ተገዛ፣
ጥጋቤ ዘበኛው ገንዘብ ያዥ ተባለ፤
የወተት ጣሳውን ባንገቱ አንጠለጠለ።

ዋናዋ እኔ ነበርኩ፣ በስድሳ ሁለት ዓመቴ፤
ቀን የሆስፒታል ወለል፣ ማታ ጥናት በቤቴ፣
ለመስታወት ስናገር፣ ለማቀዝቀዣው፣ ለድመቴ።
ጣቢያ ላይ ባሏን የምትጠብቅ ሴት ነኝ።
ከቃሏ ሁሉ ግን አንዱን እወደዋለሁ፦
«ባቡሩ ከዘገየ፣ እኔም እዘገያለሁ።»

የትርኢቱ ዕለት፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት፣
ካውቶቡስ ስወርድ፣ እርጥብ የብርቱካን ልጣጭ፣
ቀጭ!
«ስድስት ሳምንት» አለ ሐኪሙ፣ ጀሶውን እያለሰለሰ፤
እኔ የነበረኝ አራት ሰዓት፣ ከውሃው ጋር ፈሰሰ።

አርካዲ በስልክ ዝም አለ። ቀጥሎ ሳለ።
(አያጨስም እኮ። ማልቀስ ሲያፍር ነው።)
ስሟን ከመጥራቱ በፊት ስሟን አውቄ ነበር፦
ሊሞር፣ የማሩ ልጅ፤ ከኋላ ረድፍ ጥግ፣
ከጦር ሠፈር ስትመጣ ትከሻዋ እምቢ የሚል፣ በወታደር ወግ።

«ወንበር አምጡልኝ» አልኩ፣ «ከመጋረጃው ጎን።»
እንደ ነጭ መድፍ ጀሶዬን ደገፍኩት በቢራ ሣጥን።
የቀሚሴን ወገብ በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ
ሊሞር መድረክ ወጣች፣ ቀይ ሳቲን ደርባ።

ደህና ናት። ከደህናም ትበልጣለች።
(ይኼን ለመናገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።)
መሃል ላይ ግን ቆመች፤
አፏ ተከፈተ፣ ቃል የለም፤
አኮርዲዮኗ አየር ስባ ቀረች።
የባቡሩ ቃል ነበር። የኔ ቃል።

አምላኬ ይመስክር፣ ያንዲት ትንፋሽ ያህል
ዝም አልኩ።
ደስ አለኝ።
ቦታዬ ባዶ መሆኑን አፉላ ሲያይ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ ፊት ዘንበል፣ ከጀሶዬ በላይ ጎንበስ ብዬ
«ባቡሩ ከዘገየ...» አልኩ በሹክሹክታዬ።
ዞር ብላ አላየችኝም፤ ቃሉን ግን አነሣችው፣
በወጣት፣ በሻካራ፣ በማላውቀው ድምፅ
የራሷ እንደሆነ ሁሉ ተናገረችው።
በልምምድ እኔ ስለው ሁሌም ይስቁ ነበር፤
ዛሬ ሳቁ፣ ከዚያ ደግሞ
አንድም ወንበር አልተንቋቋም።

ሲጨበጨብ፣ ሲፎጨ፣ ጥጋቤ ጣሳ ሲደልቅ
እሷ ወደ ጨለማው መጣች፣ መሬት ተቀመጠች፣
የቅንድብ እርሳስ አውጥታ ጀሶዬ ላይ ትጽፍ ጀመር፣
በዕብራይስጥ ፊደል፣ ባማርኛ ቃል፣ ከቀኝ ወደ ግራ፤
«ባቡሩ» ብላ፣ «ከዘ» ብላ፣
ቁርጭምጭሚቴ ጋ ሲደርስ መስመሩ ታጠፈ፤
የቀረውን ከተረከዜ ሥር ጻፈችው።
እኔ አይታየኝም።
ማዛል ጎንበስ ብላ አየችው፤
ምን እንደሚል ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።