ሃያ አራት ፉርጎ

ሬዜክኔ ጣቢያ፣ ሀዲድ ከሀዲድ በሚጋባበት፣
አጎቴ ኢልግቫርስ አርባ አንድ ክረምት ፉርጎ ቀጠለበት፣
አርባ አንድ ክረምት ፉርጎ ፈታበት።
ዛሬ ጡረታ ነው። ጓንቱ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤
የግራው ትንሽ ጣት ባዶውን ታጥፏል፤
ማያያዣ ብረት በልቶበት ነው። እሱ አያነሣውም፣
እኔም አልጠይቀውም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ወጥቼ እሱ ዘንድ እገባለሁ፤
እሱ ጥቁር ዳቦ ይቆርሳል፣ እኔ ደብተር አርማለሁ።
"ምን እያስተማርሽ ነው?" አለኝ በኅዳር አንድ ማታ፣
በረዶ መስኮቱን በጥፍሩ ሲመታ።
"ብቸኛ ቁጥር" አልሁት፣ "ከአንድና ከራሱ በቀር
ለማንም የማይካፈል ቁጥር።"
ቢላዋውን አስቀመጠ። "ለማንም? አቤት ስስት!"
"ስስት አይደለም፣ አፈጣጠሩ ነው" አልሁና ጻፍሁለት፦

357686312646216567629137

"ሃያ አራት ፉርጎ" አለ፣ በጣቱ ሳይቆጥር።
በጭጋግ የሚያልፍን ባቡር
ርዝመቱን በጆሮው ነው የሚያውቅ፣
ጭራው ገና ሳይዘልቅ።
"ይህ ሁሉ አንድ ብቸኛ?" "አዎን፣ አንድ ብቸኛ።
ጉዱ ግን ገና ነው፤ ቆይ ተመልከተኛ!
አንዱን አሃዝ ብትፈታው የቀረው ብቸኛ ነው፤
ደግሞ ብትፈታ፣ ደግሞም ብትፈታ፣ ያው ነው፤
እስከ መጨረሻዋ ፉርጎ ድረስ
ቢፈታ ቢፈታ የማይፈርስ።"

ከጣቢያው ባመጣው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ገለበጠው።
እንደ ሥራው ልማድ ከጭራው ጀመረው፤
ሰባቷን አበሰ።
የተረፉትን አሃዞች ደመርን፤ መቶ አምስት።
መቶ አምስት ይካፈላል ለሦስት፤
ድምሩ ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል።
"በቃ" አለ፣ "ተሰብሯል።"
"በጭራው አይደለም አጎቴ፣ በፊት ነው የሚፈታ።"
"ከሎኮሞቲቩ? ጎታች የሌለው ባቡር!" ብሎ ተቆጣ ላንድ አፍታ፤
ሰባቷን ግን መልሶ ጻፋት።

በማግስቱ ጀመረ። በየማታው፣ ከራት በኋላ፣
አንድ አሃዝ በእጅጌው ያብሳል፤ አይነካም ሌላ።
ሦስቱ ሄደ። አምስቱ ሄደ። ሰባት፣ ስድስት፣ ስምንት...
በሁለተኛው ማክሰኞ አሥራ ሰባት ፉርጎ ጠበቀኝ ከሰሌዳው ፊት፤
በሦስተኛው፣ አሥር።
ያን ቀን ደረጃውን ሳልወጣ የበሩን ደወሎች አየሁ፦
ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ ብቻ ስም አላቸው፤
የቀሩትን አየርላንድና እንግሊዝ ወስዷቸው።
ከሦስቱ አንዱ "ኢልግቫርስና ቬልታ" ይላል።
ቬልታ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗል።

በአራተኛው ማክሰኞ 137 ቀርቷል።
በጋዜጣ ጠርዝ ላይ ራሱ አካፍሎታል፦
"ለሰባት ሞከርሁት፣ አራት ተረፈ፤
ለአሥራ አንድ፣ አምስት ተረፈ፤
እውነትሽን ነው ራስማ፣ ይህ ሰውዬ ማንንም አላሳለፈ።"

ሐሙስ ማታ ስልክ ደወለ። "ሰባት ብቻ ቀረች" አለ።
ዝም ተባባልን። ከጀርባው የጭነት ባቡር ተንከባለለ።
"ከሙሉው ፊት ግን" አለ፣ "ሃያ አምስተኛ ብቀጥልስ?"
"አይሆንም። ሁለት፣ አምስት ወይ ስምንት ብታስቀድም ሦስት ይሰብረዋል፤
ሦስት ብታስቀድም ሰባት ይገባበታል፤
ስድስት ብታስቀድም አሥራ አንድ ይበላዋል፤
የአራቱ አካፋይ ጥልቅ ነው፣ ከእኔ እርሳስ ይርቃል፣
ግን አለ። ዜሮ በስርቆት ካላስገባህ በቀር
በዚህ ሥርዓት ከዚህ የሚረዝም የለም ባቡር።"
"አርባ አንድ ክረምት" አለ፣ "አንድ ጨምር ተብዬ
እምቢ ያለኝ ባቡር አላየሁም በዓይኔ።"
ስልኩን ዘጋ፣ ደህና እደሪ ሳይል።

ማክሰኞ ስገባ ሰሌዳው አልተጠረገም። ሰባት ቆማለች፤
ከጎኗ በቀይ ጠመኔ የተሳለች
ትንሽ ነጥብ ይዛለች።
"ምንድን ናት?"
"የጭራ ፋኖስ። እሷን መጀመሪያ መንካቴ ሞኝነት ነበር" አለ ዳቦውን እየቆረሰ።
"በመጨረሻው ፉርጎ ላይ ትሰቀላለች። በሌሊት ያችን ቀይ ያየ ጠባቂ
ይጽፋል፦ ሙሉ አለፈ፤ በመንገድ የለም ቀሪ።"