የደረጃው ቁጥር

ቅዳሜ አመሻሽ፥ መስቀል አደባባይ፣
ሰው እንደ ተሰጣ በየደረጃው ላይ፣
ግዙፉ ስክሪን ላይ አራት አኃዝ በራ፤
«ኮዱን አስገቡና ግቡ ወደ ተራ!»
ዳታ ያለቀበት ወደ ጎኑ ዞሮ፣
ሆትስፖት ይለምናል ገብቶ በሰው ጆሮ።

ስም ይደረደራል፥ የቤት ስም አይደለም፤
«ደረቅ ቼክ»፣ «ዝም በሉ»፣ «ከኔ በላይ የለም»፣
«የጎተራው ንጉሥ»፣ «እናቴ እንዳትሰማ»፤
እኔም «ቀሪ ሒሳብ»፥ ምን ልበል ታዲያማ።

ስለ ጨረቃ ተጠየቅን፤ መለስን።
ስለ ፔንግዊን ተጠየቅን፤ መለስን።
የአይስላንድ ዋና ከተማ ሲባል፣
ከኋላዬ አንድ የታክሲ ረዳት፣ ኢዩኤል ይሉታል፣
መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኩን ሽቅብ ይዞ ጮኸ፦
«ሬይካቪክ! ሬይካቪክ! አንድ ሰው የቀረው!»

ሰባተኛው ላይ ግን ጥያቄው ወረደ፣
ከአይስላንድ ተነሥቶ እግራችን ሥር ሄደ፦
«ከታች ተነሥተን ብንወጣ ወደ ላይ፣
ስንት ደረጃ አለው መስቀል አደባባይ?»

ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሃያ ሰከንድ።
ዝም።
ሦስት መቶ ሰው
መቀመጫው የሚያውቀውን ጭንቅላቱ አጣው።

ዘርፌ መጥረጊያዋን ግንቡ ላይ አስደግፋ፣
ኮዳዋን በሁለት ጉልበቷ መኻል አቅፋ፣
ብርቱካናማ ሰደርያዋን ሳታወልቅ ዳር ተቀምጣለች።
ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው። ጨዋታው ውስጥ የለችም።
ግን ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ቁጥር ወጣው።
ኢዩኤል ሰማት።
«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ?» አለች። «ስማኝማ የኔ ልጅ፣
ደረጃን በዓይኔ አላውቅም፥ በወገቤ እንጅ።
ከላይ ነው የምጀምር፤ ቆሻሻ ሽቅብ አይጠረግም፤
አንዷ ማስቲካ አትለቅም፣
አንዷ ተሰንጥቃለች፥ እሷ ላይ አልጨክንም።»

ያለችውን ነካ።
ስክሪኑ ሌላውን አረንጓዴ አደረገ።
ከሁለተኛ ተነሥቶ
ኢዩኤል ዘጠና አራተኛ ላይ ወደቀ።

«ተሳሳትሽ» ሊላት አፉን ሲከፍት፣
«ተሳስቷል» አለች፣ የኮዳዋን ክዳን እያጠበቀች።
«በወር ስንት ቀን ይጠርጋል፣ እሱ?»

ሳቅ ተነሣ።
ከሳቁ ውስጥ አንዲት ልጅ ተነሣች፣ ጫማዋን አውልቃ፣
«አንድ» አለች። «ሁለት» አለች።
ስምንተኛው ጥያቄ ብቻውን በርቶ ብቻውን ጠፋ።

«የጎተራው ንጉሥ» ከታች፣ «ደረቅ ቼክ» ከላይ፣
መኻል ላይ ተጋጭተው ይቅርታ ሲባባሉ ቁጥሩ ጠፋቸው፤
እንደገና።
የመጨረሻዋ ደረጃ ናት ወይስ መሬት? ክርክር።
ሽማግሌው ሠላሳዎቹ ላይ አረፈ፣ «ያዙልኝ» ብሎ፤
ማን ይያዝለት?
ሦስት መቶ የስልክ መብራት ሲወጣ ሲወርድ፣
ባቡሩ ውስጥ ያሉት ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ ለጥፈው አለፉ፣
ምን እንደ ጠፋብን እያሰቡ።

«ወገኖች፣ ወደ ጨዋታው!» ይላል ማጉያው።
ማን ይስማው።

አምስት ዓይነት ቁጥር ይዘን ዘርፌ ፊት ቆምን፣
እንደ ተጣላ ባልና ሚስት።
አንዳችንንም አልፈረደችልን።
«ነገ አሥራ አንድ ተኩል ኑ» አለች ተነሥታ፣
«መጥረጊያ ያለው መጥረጊያ ይዞ።»

ሽልማቱን «እናቴ እንዳትሰማ» ወሰደች፤
እሷ ብቻ ናት ከስልኳ ቀና ያላለች።
ስሟም በማጉያ ሦስት ጊዜ ተጠራ፣
እስከ ለገሃር፣ እስከ ካዛንቺስ ድረስ።

እሁድ ነበር፤ አልሄድኩም።
ሰኞ ማለዳ ታክሲው አደባባዩን ሲዞር፣
ጫፉ ላይ አንዲት ብርቱካናማ ነጥብ
ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፣
አንድ ደረጃ ወረደች።
መስኮቱን ከፍቼ አብሬያት መቁጠር ጀመርኩ።
አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ
መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።